ሰደድ እሳትን ከአየር በሙቀት ካሜራ ማየት

ሰደድ እሳት ሲነሳ ሊያጠፉት የወጡት ሰዎች ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁን የት ደርሷል? መልሱ ቀላል ይመስላል። ግን ጭሱ ሸለቆውን ሁሉ ውጦታል፤ ከአውሮፕላን ቁልቁል ቢያዩም ከጭስ በቀር የሚታይ የለም። የሙቀት ካሜራ የሚፈለገው ያኔ ነው።

ካሜራው የሚይዘው ከሞቀ ነገር የሚወጣውን፣ በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። እሳት ጎልቶ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ነው። ያልተቃጠለው መሬት ደግሞ ወደ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ። ሁለቱን ማነጻጸር እሳትን ፀሐይ ካጋለው ድንጋይ ለመለየት ይረዳል። የጭስ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ጨረሩ ያልፈዋል። ደመና ግን ያግደዋል።

የአሜሪካ የደን አገልግሎት ይህን ዘዴ መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ዛሬ አውሮፕላኖቹ በአብዛኛው የሚወጡት ሌሊት ነው። መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ እሳቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ስንዝር የምታህል ፍም መለየት ይችላሉ። ይህ ሁሌም ይገርመኛል።

ምስሉ ብቻውን ግን ካርታ አይደለም። አውሮፕላኑ ያዘነብላል፣ ተራራውም ምስሉን ያዛባዋል። ስለዚህ በጂፒኤስ እና በመሬቱ ከፍታ መረጃ ይስተካከላል። ከዚያ ተንታኙ ቁጭ ብሎ የሙቀቱን ዳርቻ ያሰምራል፤ የሚንቦገቦገውን ከተበታተነው ይለያል። ተነጥለው የቀሩትን ነጥቦች አንድ በአንድ ምልክት ያደርጋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት እነዚህ ነጥቦች ናቸው። ነፋስ ከመከላከያው መስመር ማዶ የጣላት አንዲት ፍንጣሪ በማግስቱ ሠራተኞቹን ከኋላ ልትከባቸው ትችላለች። ካርታው ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እጃቸው መግባት ያለበትም ለዚህ ነው።

ካርታው ቶሎ ያረጃል። እኩለ ሌሊት ላይ የተሰመረ ዳርቻ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ሳያዩ ማመን አደገኛ ነው። ምስሉ ተነስቶ ሠራተኞቹ እጅ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ለማሳጠር ብዙ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 የናሳው ኢክሃና ሰው አልባ አውሮፕላን በደቡብ ካሊፎርኒያ እሳቶች ላይ እየበረረ ምስሉን በሳተላይት አስተላልፏል። ሳተላይቶች ራሳቸውም እሳት ያያሉ። ግን ሳተላይት ላይ የተገጠመው ቪርስ የተባለው መሣሪያ አንዱ የምስል ነጥቡ በየጎኑ 375 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። እሳት መነሳቱን ለማወቅ ይበቃል፤ ሠራተኛ የት እንደሚቆም ለመወሰን ግን አይበቃም።

ከአየር የማይታይም አለ። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ከሥሩ የሚሄደውን ዝቅተኛ እሳት ይሸፍናል። ተቃጥሎ የቀዘቀዘ ዳርቻም በሙቀት ምስል ላይ አይወጣም።

ነበልባሉ ከበረደ በኋላ ሥራው ወደ ሄሊኮፕተር እና ወደ ትንንሽ ድሮኖች ይወርዳል። አመድ ውስጥ የተዳፈነ ረመጥ ይፈልጋሉ። ሥር ውስጥ ገብቶ የሚጤሰውን ግን እነሱም ሊስቱት ይችላሉ። እዚህ ላይ ሠራተኛው ጓንቱን አውልቆ፣ የእጁን ጀርባ ወደ አፈሩ አስጠግቶ፣ ሙቀት መኖሩን ራሱ ያረጋግጣል።