«እባብ አየሁ፣ ፍቺልኝ» ለምትሉኝ ሁሉ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ቡናዬ ገና አልፈላም። ቴሌግራሜ ላይ አራት የድምፅ መልእክት ተደርድሯል። «እህቴ፣ ሌሊት ጥቁር እባብ አየሁ፤ ምንድን ነው?» «ሟች አባቴ ሲጠራኝ አደረ።» «ጥርሴ ርግፍ አለ፣ ኧረ በናትሽ ቶሎ መልሽልኝ።»

ሐዋሳ ውስጥ ለጥቂት ሰዎች የትንፋሽ ልምምድና የህልም ዮጋ (ህልም ውስጥ ሆኖ ህልም መሆኑን የማወቅ ልምምድ) ማሳየት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስለ ዮጋው የጠየቀኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። የቀረው ህልም ፈቺ አድርጎ ሾሞኛል። ሰለቸኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንን ነው የምልከው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«እኔ ህልም አላይም» ትላላችሁ። ታያላችሁ፣ ትረሱታላችሁ እንጂ። በስልክ ማንቂያ በርግጋችሁ፣ ዓይናችሁ ሳይገለጥ ቲክቶክ ከፍታችሁ ምኑ ይቀራል?

«ህልም በሰከንድ ነው የሚያልቀው።» አይደለም። ዓይን ከሽፋኑ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚልበት የእንቅልፍ ክፍል የታወቀው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመለሳል። ሊነጋጋ ሲል ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ብዙውን ደማቅ ህልም የምናየው እዚያ ነው።

«በህልሙ የሞተ በውኑም ይሞታል።» እኔ ሦስት ጊዜ ሞቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው በሽታዬ ልምጣ። ጥርስ ሞት ነው። ሰርግ ሐዘን ነው። ጥሬ ሥጋ ሕመም ነው። እባብ ጠላት ነው። ዓይነ ምድር ገንዘብ ነው። (ይሄ የመጨረሻው እውነት ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ዳር ሎጅ ከፍቼ ነበር።) ሰው ይህን ዝርዝር እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ ይዞታል። እኔ ጋ የሚመጣው ለማረጋገጥ ብቻ ነው። «አይደለም» ስለው ቅር ይለዋል።

እናቴ አዳማ ናት የምትኖረው። አንድ ሌሊት የፊት ጥርሷ መዳፏ ላይ ሲረግፍ አየች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ዘመድ አዝማድ ላይ ስትደውል አረፈደች። «ደህና ናችሁ? እርግጠኛ ናችሁ?» ደም ብዛት ያለበት አጎቴ በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህበት የደነገጠው ድንጋጤ አይነገርም። ሲለካ ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል። እኔ ግን ሄጄ ሳያት ምሳዋን በአንድ በኩል ነው የምታኝከው። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ኧረ ይቺ መንጋጋዬ ናት፣ ሁለት ሳምንት ሆናት» አለች። ተሰንጥቃ ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ነቀላት፣ ህልሙም ቀረ።

በ2018 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ 210 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ጥርስ የሚረግፍበት ህልም የተያያዘው ከጭንቀት ጋር ሳይሆን፣ ሲነቁ ከሚሰማ የጥርስ፣ የድድ ወይም የመንጋጋ መወጠር ጋር ነበር። ጠዋት መንጋጋው ተወጥሮ የሚነሳ ሰው ቤታችሁ ካለ ምን እንዳየ ጠይቁት።

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። ከ11 ወር በኋላ የአባቴ የአክስት ልጅ አረፉ። እናቴ ወዲያው፣ «አላልኳችሁም?» እንግዲህ ምን ትላላችሁ። የኛ ሰው ዘመዱ ብዙ ነው። ዓመት ጠብቆ ለቅሶ የማይደርስ ማን አለ? በዚህ ሂሳብ የዓሣ ጥብስ ህልምም ሞት ያመጣል።

«ህልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ተረት የኛው ነው። አያቶቻችን ይህን እያወቁ እኛ በምን ጊዜ ነው ሰንጠረዥ ያወጣንለት? ልጅ እያለ እባብ የነደፈው ሰው የሚያየው እባብና፣ እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ላይ በእግሩ ሥር ሲያልፍ ያየው ሰው እባብ አንድ አይደሉም። ስለዚህ እኔን አትጠይቁኝ። ደብተር ግዙ፣ ትራስ አጠገብ አስቀምጡ። ስትነቁ አትገላበጡ፣ ስልክ አትንኩ። መጀመሪያ ስሜቱን ጻፉ፦ ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ታሪኩን። ከዚያ፣ «ይህንን ስሜት በዚህ ሳምንት በውኔ የት አገኘሁት?» በሉ። ለአንድ ወር። አብዛኛው ሰው በሁለተኛው ሳምንት እኔን መጠየቅ ያቆማል፤ መልሱን ብዙ ጊዜ አይወደውም እንጂ ያገኘዋል።

አንድ ልምምድ ላይ የነበረ ባለትዳር፣ ሚስቱ ሌላ ወንድ ስታገባ በህልሙ አይቶ አራት ቀን አኮረፋት። አራት ቀን! ምን አደረገች? ተኝታ ነበር።

ወደ ህልም ዮጋው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፤ የህልም ዮጋ ስለ ፍቺ ግድ የለውም። ከቲቤት የመጣ ልምምድ ነው፣ ህልምን «ሚላም» ይሉታል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በሕንዳዊው ናሮፓ ስም ከሚጠሩት ስድስት ልምምዶች አንዱ ነው። ፈቺ፣ «እባቡ ማን ነው?» ይላል። ዮጊው እባቡን እያየ፣ «ይህ ህልም ነው» ብሎ ማወቅ ነው የሚፈልገው። ከዚያ ፍርሃቱን ያየዋል። እባቡን ገመድ ያደርገዋል፣ ትንሽ ያደርገዋል፣ ትልቅ ያደርገዋል። ቀን ላይም በውኑ የሚያየውን፣ «ይህም እንደ ህልም ነው» እያለ ሲለማመድ ይውላል። የመጨረሻ ዓላማው ሞት ሲመጣ አለመደናገጥ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ እንደ ወፉ አባ ኮዳ ለመብረር ብላችሁ የምትመጡ ልጆች፣ ብረሩ፣ አልከለክልም። ግን እሱ ዮጋው አይደለም።

«ታዲያ ሃይማኖት መቀየር ነው?» ቡድሂስት ሥር አለው፣ አልደብቅም። «ሳይንስ ብቻ ነው» የሚሏችሁም ይዋሻሉ። እኔ ገብርኤልን አስቀድሼ ነው ወደ ልምምዱ የምመጣው። ህልምን በህልምነቱ ማወቅን ብቻ ወስጃለሁ። ልባችሁ ከከበዳችሁ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ።

«ህልም ውስጥ መንቃት ተረት ነው» የሚሉም አሉ። በ1975 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ፣ ኸል ዩኒቨርሲቲ፣ አለን ወርስሊ የሚባል ሰው ተኝቶ እያለመ፣ አስቀድመው በተስማሙት መሠረት ዓይኑን ግራ ቀኝ እያደረገ ምልክት ሰጠ። ተመራማሪው ኪት ኸርን በመሣሪያ መዘገበው። ሌላው ተመራማሪ ስቲቨን ላበርጅ ደግሞ አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደገመው።

ዱካክን ሳላነሳ ባልፍ የባጃጅ ሾፌሮቹ ይጣሉኛል። ነቅታችሁ፣ ዓይናችሁ ተገልጦ፣ ሰውነታችሁ አልታዘዝ ሲል፣ ደረት ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ሲመስል። ጋኔን አይደለም። ህልም ስናይ አንጎል ጡንቻን ያስራል፤ እየሮጥን ግድግዳ እንዳንመታ። አንዳንዴ ሰውየው ይነቃል፣ እስሩ ሳይፈታ። በጀርባ የሚተኛና እንቅልፍ ያነሰው ላይ ይበዛል። «ጫት ሳቆም ነው የሚመጣብኝ» የሚሉኝም ልክ ናቸው። የሚያነቃቃው ነገር ሲቋረጥ የታፈነው ህልም ተጠራቅሞ ይመጣል። እና «ለዱካክ መድኃኒቱ መልሶ መቃም ነው» ማለት ዕዳን በዕዳ መክፈል ነው። በጎን ተኙ። ሲይዛችሁ አትታገሉ፣ ትንፋሽ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ አንድ የእግር ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። ቀን ላይም እንቅልፍ በድንገት የሚጥላችሁ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። ያልታየ ነገር የሚታየው፣ ድምፅ የሚሰማው ሰውም የህልም ዮጋ አይጀምር። እኔም አልቀበለውም።

የመጨረሻው፣ «በሳምንት ይለመዳል»። ቀን ላይ አሥር ጊዜ እጄን እያየሁ፣ «አሁን ህልም ውስጥ ነኝ?» እያልኩ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ትንሽ ቆይቼ መልሼ እየተኛሁ፣ ስምንት ወር ፈጀብኝ። አንድ ሌሊት መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ እጄን ሳይ ስድስት ጣት ሆነ። «ህልም ነው!» ብዬ ጮህኩ። በደስታ ነቃሁ። ቀጣዩ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ሁለት ወር።