ኮክና ቼስትነት ሦስት ዓመት፣ ካኪ ስምንት ዓመት

ጃፓኖች «ሞሞ ኩሪ ሳን ኔን፣ ካኪ ሃቺ ኔን» ይላሉ። ሞሞ ኮክ ነው። ኩሪ ደግሞ እሾሃም ልባስ ያለው፣ ተጠብሶ ወይም ከሩዝ ጋር ተቀቅሎ የሚበላው ቼስትነት። ካኪ ብርቱካናማ ፍሬ ነው፤ እስራኤል ያላችሁ አፋርሴሞን ብላችሁ ታውቁታላችሁ። ፍቺው ግልጽ ነው፤ ኮክና ቼስትነት በተተከሉ በሦስት ዓመት ያፈራሉ፣ ካኪ ግን ስምንት ዓመት ይፈጃል።

አባባሉ በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) የታወቀ ነበር። ዛሬም ሙያ ለሚማር ወጣት፣ ሥራው ቶሎ አልሳካ ላለው ሰው ይነገራል። ብዙዎች «ታገስ» ማለት ነው ብለው ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ቁጥሮቹ ላይ ነው። የእኛው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ቀኑ እንደሚመጣ ይነግርሃል፣ መቼ እንደሆነ ግን አይልም። ይሄኛው ለእያንዳንዱ ዛፍ የራሱን ዕድሜ ይቆርጥለታል። ካኪ በአራተኛው ዓመት ባዶውን ቢቆም አልዘገየም፣ ገና እኩሌታው ላይ ነው። አጠገቡ ያለው ኮክ ስላፈራ እሱን መውቀስ ግፍ ነው!

ቀጣይም አለው፤ እንደየአካባቢው ይለያያል። አንዱ «ጅሉ ዩዙ አሥራ ስምንት ዓመት» ይላል። ዩዙ መዓዛው የሚያውድ የሎሚ ዘመድ ነው። ጅል ቢሉትም ይወዱታል፤ በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ በሚረዝምበት ዕለት፣ ፍሬውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥለው ይታጠቡበታል።

የካኪን ስምንት ዓመት ዋጋ ለማየት ኅዳር ላይ የገጠር ጓሮ ማየት ነው። ቅጠሉ ረግፎ ብርቱካናማው ፍሬ ብቻ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ይቀራል። አንዱ በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ያወርዳል፣ ልጆች ይለቅማሉ፣ አያት ይልጣሉ። አንዳንዱ ካኪ በጥሬው አፍ ያኮማትራል፤ እሱን ልጠው፣ ክር የሚታሰርበት ቁራጭ ቅርንጫፍ አስቀርተው፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በሰልፍ ይሰቅሉታል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሲያገኝ፣ በየጊዜውም በእጅ ሲያሹት፣ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ይጣፍጣል። ላዩ ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ሻጋታ እንዳይመስላችሁ፣ የገዛ ራሱ ስኳር ነው። ደግሞ ሁሉንም አይለቅሙም። ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ይተዋሉ፣ ለወፎችና ለመጪው ዓመት ምርት ብለው። «ኪማሞሪ» ይሉታል፣ የዛፍ ጠባቂ እንደማለት።

ዛሬ ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛው ካኪ የተዳቀለ፣ ማለትም ከሚያፈራ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጣበቀ ስለሆነ፣ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ያፈራል። ከዘር ያበቀለ ግን ዛሬም ረጅም ዓመት መጠበቁ አይቀርለትም። የሚወጣውም ፍሬ ብዙ ጊዜ አፍ የሚያኮማትረው ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ልጦ መስቀል ነው።