የምእመናን አንድነት በደሴና በአካባቢዋ፦ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስከ ጽዋ ማኅበር

ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ የሚባል ብርዳም ደጋ አለ። ዛሬ ብዙ ሰው ስሙን የሚያነሣው ከሆስፒታሉ ጋር አያይዞ ነው፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን ቦታው የሚታወቀው በ1870 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ባስጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። በጉባኤው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል፤ ከጥቂት ወራት በፊት ሸዋ ውስጥ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ገብረው ነበርና የአገሩ አንድነትና የእምነቱ አንድነት በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው የመጡ ጉዳዮች ሆኑ።

ክርክሩ ግን የቆየ ነበር። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር ከተባረሩበት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሊቃውንቱን የከፈለው ጥያቄ የክርስቶስ መቀባት ምን ማለት ነው የሚል ነው። ተቃዋሚዎቻቸው «ካራ» የሚሏቸው ተዋሕዶዎች ሁለት ልደት ብቻ ይቀበላሉ፤ አንዱ ቅድመ ዓለም ከአብ፣ ሌላው ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ሲሆን መቀባት የሚባለውም ራሱ ተዋሕዶው ነው ይላሉ። በጎጃም የበረቱት ቅብዓቶች በመንፈስ ቅዱስ ለመቀባቱ የተለየ ቦታ ይሰጡ ነበር። በሸዋ የሰፋው የጸጋ ወገን ደግሞ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ሦስተኛ ልደት ብሎ ይቈጥራል። ላይ ላዩን የመምህራን ሙግት ይመስላል እንጂ አንዱ ወገን ሌላውን እስከ ማውገዝ የደረሰበት፣ አውራጃና አውራጃ ያለያየ ጉዳይ ነበር። በዚያ ላይ አቡነ አትናቴዎስ ካረፉ በኋላ አገሪቱ ጳጳስ አልነበራትም፤ ተተኪዎቹ ከግብፅ የደረሱት ከጉባኤው በኋላ ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ያጸናው ከጳጳስ መንበር ይልቅ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነበር። ሁለቱ ልደት ጸና፣ ሦስቱ ልደት ተወገዘ፤ ምኒልክም በግዛታቸው ብዙ ሰው የያዘውን ትምህርት መተው ግድ ሆነባቸው።

የወሎ ሰው ጉባኤውን የሚያስታውሰው ግን ከሊቃውንቱ ክርክር ይልቅ ተከትሎት በመጣው፣ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲነሣ ባዘዘው አዋጅ ነው። የወሎው መሪ መሐመድ አሊ በዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል እኒህ ናቸው። ሌላው የወሎ መሪ አባ ዋጠውም ምኒልክ ክርስትና አንሥተዋቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሕዝቡ ግን እንደ መኳንንቱ አልቀለለም፤ ሼህ ጣልሃን የመሰሉ መሪዎች የግዳጁን ጥምቀት ተቃውመው ተነሡ፣ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በአዋጅ የታሰበው አንድነት በዚህ ረገድ ከስምምነት ይልቅ ቂም ማትረፉን መካድ አይቻልም።

በደሴና በኮምቦልቻ ዛሬ የሚታየው የምእመናን አንድነት የቆመው በሌላ መሠረት፣ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ላይ ነው። ሰንበቴ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይቀመጣል። ጽዋው ግን በየወሩ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ቀን፣ ለምሳሌ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም፣ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ይጠብቃል፤ ካህኑ ባርኮ ይቈርሳል። ማኅበሩን የሚመራው «ሙሴ» ይባላል። ከሙሴው ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ማስታረቅ ነው፤ የተጣሉ ሁለት ማኅበርተኞች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መቅመስ ነውር ነውና ጠቡ ይነሣል፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሌላው ማኅበርተኛ የጠላ ዋንጫውን ይዞ ነገሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከመቶ ዓመት በላይ ርቀት ቢኖርም ይህን ከቦሩ ሜዳው ሸንጎ ጋር ማነጻጸር ይማርካል፤ እዚህ የሚያስታርቀው ሰው ወታደር የለውም።

ጽዋው ወሰን አለው። የወንጌላውያን ምእመናን በቅዱሳን ስም የሚጠጣውን ማኅበር አይገቡበትም፤ ልዩነቱ የትምህርት ስለሆነ በጉርብትና ብቻ አይታለፍም። ከእነሱ ጋር የሚያገናኘው ዕድር ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ በመሆኗ ከየአገሩ ለሥራ የመጣ ሰው ዘመድ ሳይኖረው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ወንበሩን የሚያመጣው ዕድርተኛው ነው። በወሎ ወግ ሙስሊሙም በዚያው ዕድር ውስጥ ይገኛል። ለክርስቲያኖቹ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥርዓቱ ነው፤ ቄሱ ፍትሐት ይደርሱ ወይስ ፓስተሩ ይጸልይ፣ መቃብሩስ የት ይሁን የሚለውን የሟች ቤተሰብ ይወስናል፣ ዕድሩ አይገባበትም። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ወይም ጾም ሲገባ፣ ጿሚም ሆነ የማይጾም ለቀስተኛ ድንኳን ውስጥ የሚቀርብለት ያው ንፍሮና ሽሮ ነው።

ማኅበሩ ሲበተን ተረካቢው በነጠላ የተሸፈነውን ጽዋ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ያመራል፤ ማኅበርተኞቹም ጧፍ አብርተው፣ እየዘመሩ እስከ ደጁ ይሸኙታል። በደሴ ዳገት ላይ ይህ ቀላል መንገድ አይደለምና ከኋላ የቀሩት አሮጊቶች እስኪደርሱ ሰልፉ በየመታጠፊያው ይቆማል።