የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም፣ ኮርዴትም ሁሉ ባለ አከርካሪ አይደለም

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን የተጠበሰ ቆሮሶ እየበላን ነበር። የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው። የዓሣውን ጎን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ሥጋው በንብርብር በንብርብር ተላቀቀለት። «ጋሼ፣ ዓሣ ሥጋ ነው እንዴ?» አለኝ። እናቱ ጾም ላይ ስለነበረች ቀና ብላ አየችኝ።

የጾሙን ነገር ለአባቶች ተውኩና ስለ ንብርብሩ ብቻ ነገርኩት። እያንዳንዱ ንብርብር ጡንቻ ነው። ከራስ እስከ ጭራ በረድፍ የተደረደረ። በእኛም ጎድን አጥንቶች መሀል ያለው ጡንቻ የዚሁ አሠራር ቅሪት ነው። ልጁ ወዲያው ጎኑን ዳበሰ። ከዚያማ ጥያቄው አላባራም። እኔም በየጥያቄው ውስጥ ብዙዎቻችን ይዘነው የምንዞረው ስህተት እንዳለ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ኮርዴት ማለት የጀርባ አጥንት ያለው ማለት ነው»

አይደለም። ዋናው ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ኮርዴት ዓሣን፣ ወፍን፣ እኛንም ጨምሮ ብዙ እንስሳት የሚመደቡበት ትልቅ ወገን ነው።

ኮርዴት ለመባል አጥንት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ኖቶኮርድ ነው። ኖቶኮርድ በጀርባ በኩል ርዝመቱን ይዞ የሚሄድ ዘንግ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ይተጣጠፋል። በደንብ የተነፋ የብስክሌት ካላማዳሪ አስቡ። የሚያጠነክረው አጥንት ሳይሆን ውስጡ ያለው ግፊት ነው። ከኖቶኮርዱ በላይ ውስጡ ክፍት የሆነ የነርቭ ቱቦ አለ። በእኛ ይሄ ቱቦ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ይሆናል። ጉሮሮ አካባቢ ስንጥቆች ወይም ኪሶች አሉ። ከፊንጢጣ አልፎ የሚሄድ ጭራም አለ።

አራቱም ዕድሜ ልክ መቆየት የለባቸውም። ፅንስ ወይም እጭ ሳለ ታይተው ቢጠፉም ይቆጠራሉ። አምስተኛ ምልክትም አለ፤ እንቅርት ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አምፊኦክሰስ የምትባል ትንሽ የባሕር እንስሳ አለች። ከጣት አትበልጥም። አሸዋ ውስጥ ተቀብራ አፏን ብቻ ብቅ አድርጋ ውኃ ታጣራለች። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፒተር ሳይመን ፓላስ በ1774 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲመዘግባት ቅርፊት የሌላት ቀንድ አውጣ መስላው ነበር። አጥንት የሚባል ነገር የላትም። ኖቶኮርዷ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ይኖራል። አከርካሪ የሌላት ኮርዴት ማለት እሷ ናት።

ቱኒኬት የሚባሉት የባሕር እንስሳት ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ብዙዎቹ ሲያድጉ አለት ላይ የተለጠፈ ከረጢት ይመስላሉ። ጭንቅላት የለ፣ ጭራ የለ። አንድ ሰው ይሄ ዘመድህ ነው ቢላችሁ ትስቃላችሁ። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ግን በ1866 እጫቸውን በማጉያ መነጽር ተከታትሎ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። እጯ የእንቁራሪት ልጅ ትመስላለች፤ ጭራዋን እያወዛወዘች ትዋኛለች። ጭራዋ ውስጥ ኖቶኮርድ አለ፣ ከላዩም የነርቭ ቱቦ። ጥሩ አለት ስታገኝ በጭንቅላቷ በኩል ትለጠፍና ጭራዋን ከነኖቶኮርዱ ወደ ውስጥ መጥምጣ ታጠፋዋለች። ቤት ተሠራ፣ መኪናው ተሸጠ እንደማለት ነው።

ለረጅም ጊዜ የቅርብ ዘመዳችን አምፊኦክሰስ ናት ይባል ነበር። መልኳ ዓሣ ዓሣ ይላላ! በ2006 የወጣ የጂን ንጽጽር ግን ለባለ አከርካሪዎች ይበልጥ የሚቀርቡት ከረጢቶቹ መሆናቸውን አሳየ።

«ኖቶኮርድ አድጎ የጀርባ አጥንት ይሆናል»

ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይነገራል። የጀርባ አጥንት የሚሠራው ግን ከኖቶኮርዱ ግራና ቀኝ በረድፍ ከተደረደሩ የፅንስ ክፍሎች ነው። ከእነዚያ የመጡ ሴሎች ኖቶኮርዱን ይከቡታል፤ አጥንቱም በዙሪያው ይበቅላል። ኖቶኮርዱ ራሱ እየተጨመቀ በየአጥንቱ መሀል ይቀራል።

የሚቀረውም «ዲስክ» የምንለው ነገር መሀል ነው። የዲስኩ እምብርት፣ ያ ዝልግልግ ክፍል፣ መነሻው ኖቶኮርድ ነው። እግረ መንገዴን ሌላም ስህተት ላንሳ። «ዲስኬ ተንሸራተተ» የሚል ጎረቤት የሌለው ሰው የለም። ዲስኩ ግን ከቦታው ወጥቶ አይሄድም፤ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ነው። የሚሆነው ጠንካራው የውጭ ቀለበት ይላላል ወይም ይቀደዳል፣ ዝልግልጉ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ነርቭ ሲነካ እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም ይመጣል። ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነገር ወገባችን ውስጥ ሆኖ ያስቸግረናል።

ግማሽ ቢሊዮን ያልኩት በግምት አይደለም። ቻይና፣ ቼንግጂያንግ ከሚባለው ቦታ የወጡ ዓሣ መሰል ቅሪተ አካሎች 518 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። በ1999 ይፋ የሆኑት ሁለቱ ርዝመታቸው 3 ሳንቲሜትር አይሞላም፤ መንጋጋም የላቸውም። መንጋጋ የመጣው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ነው።

«የሰው ፅንስ መጀመሪያ የዓሣ መተንፈሻ ያወጣል»

ይሄ ሐሳብ እንዲስፋፋ ያደረገው በዋናነት ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ነው። በ1874 የዓሣ፣ የዶሮ፣ የሰውና የሌሎችም ፅንሶችን ጎን ለጎን ሣለ። ሥዕሉ መመሳሰላቸውን አጋንኗል። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍትም ከመቶ ዓመት በላይ ሳይጠይቁ ገለበጡት።

የሰው ፅንስ የዓሣ መተንፈሻ ኖሮት አያውቅም። ያለው የጉሮሮ ቅስቶችና ኪሶች ናቸው። ዓሣም በነዚሁ ይጀምራል፤ በእሱ መተንፈሻ ይሆናሉ። በእኛ ሌላ ሥራ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ቅስት መንጋጋችንን ይሠራል፤ ከጆሮ ውስጥ ትንንሽ አጥንቶችም ሁለቱ ከሱ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ኪስ ጆሮንና ጉሮሮን የሚያገናኘው ቱቦ ይሆናል። አውሮፕላን ሲወርድ ጆሯችሁ ተደፍኖ፣ ምራቅ ስትውጡ ጧ ብሎ የሚከፈተው እሱ ነው።

አሁን እንቅርት። አምፊኦክሰስና ቱኒኬት ጉሮሮ ወለል ላይ ንፍጥ የሚያመነጭ ቦይ አለ፤ ምግብ የሚያጣብቁበት። ኢንዶስታይል ይባላል። አምስተኛው ምልክት ይሄ ነው። ይሄ ቦይ አዮዲን ያከማቻል። ላምፕሬይ የሚባለው መንጋጋ አልባ ዓሣ ደግሞ እጭ ሳለ ይሄው ቦይ አለው፤ ሲያድግ ያው ቦይ ወደ ታይሮይድ ዕጢ ይቀየራል። የዘር ሐረጉ አንድ እንስሳ ዕድሜ ውስጥ ሲታይ ማለት ነው። የእኛም ታይሮይድ የሚነሳው ከዚያው ከጉሮሮ ወለል ነው፤ አዮዲን ሲያጣ ያብጣል። በደጋው አገራችን እንቅርት የበዛው አፈሩ አዮዲን ስላጠረው ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፣ ከባሕር ከረጢት ጋር የሚያዛምደውን ዕጢ እየጠቀሰ መሆኑን ቢነግሩት ምን ይል ነበር?

በስማቸው የሚያሳስቱን

እዚህ ጥፋቱ የቋንቋችንም ነው። የሌሊት ወፍ ስሟ ወፍ ነው። ግን ላባ የላትም፣ እንቁላል አትጥልም፣ ልጇን ታጠባለች። ክንፏ በረዘሙ የእጅ ጣቶች ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው።

ዓሣ ነባሪም በስሙ ዓሣ ነው። በሳንባ ይተነፍሳል፣ ያጠባል። ጭራው ሲዋኝ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል፤ ቆሮሶና አምባዛ ግን ግራና ቀኝ ነው የሚመቱት። በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የሚቀርበው ጉማሬ ነው። አዎ፣ ጣና ላይ የምናየው ጉማሬ።

እባብ አጥንት የለውም የሚልም አጋጥሞኛል። የሱ እንዲያውም ይበዛል። እኛ 33 አከርካሪ ይዘን እንወለዳለን፤ ብዙ እባቦች ከ200 በላይ አላቸው። ኤሊም ቤቷን ተሸክማ አትዞርም። ድንጋዩ የራሷ ጎድንና አከርካሪ ነው፤ ማውጣት አትችልም። በተቃራኒው፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን አፈር ውስጥ እግር የሌለው፣ ትል የሚመስል እንስሳ ይኖራል። ስታገኙት ትል ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ አከርካሪም አለው።

ሻርክ? አጽሙ ካርቲሌጅ ነው፣ የጆሯችን ክፈፍ ዓይነት። ይሁን እንጂ ባለ አከርካሪ ነው።

«ዓሣ ከባሕር ወጣ፣ ከዚያ ሳንባና እግር አበቀለ»

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሳንባ መጀመሪያ የነበረው ውኃ ውስጥ ነው። ኦክስጅን ያነሰው ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ብቅ ብሎ አየር ቢጎርስ ይጠቀማል። ዓሣ ሲጸዳ ያያችሁ፣ ከአከርካሪው ሥር የምትገኝ አየር የሞላባት ፊኛ አለች። ዳርዊን ሳንባ የመጣው ከእሷ ነው ብሎ አስቦ ነበር። ዛሬ ግን ማስረጃው የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ የቀደመው ሳንባ ነው፣ ፊኛዋ ኋላ የተለወጠች ናት።

በናይል ተፋሰስና በቪክቶሪያ ሐይቅ የሚኖር ባለ ሳንባ ዓሣ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ፕሮቶፕተረስ ኢቲዮፒከስ ነው። ካደገ በኋላ ከውኃው በላይ ወጥቶ አየር ካልሳበ ይሞታል። ዓሣ ሆኖ ውኃ ይሰምጣል! በዘር ሐረግ ደግሞ ከቆሮሶ ይልቅ ለላም ይቀርባል። ስለዚህ «ዓሣ» የሚለው ቃል ለገበያ እንጂ ለዘር ቆጠራ አይሆንም።

እግርም እንዲሁ። ካናዳ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ በ2004 የተገኘው ቲክታሊክ የሚባል ዓሣ 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ክንፉ ውስጥ የክንድና የእጅ አንጓ አጥንቶች አሉ፤ ቅርፊቱና የዓሣ መተንፈሻው ግን አብረውት ነበሩ። ግሪንላንድ የተገኘው አካንቶስቴጋ ደግሞ በእያንዳንዱ እጁ 8 ጣት ነበረው፤ ኑሮው ግን በዋናነት ውኃ ውስጥ ነበር። ጣት የበቀለው መሬት ላይ ለመራመድ አልነበረም።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ»

ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም ሰምታችሁታል። የሚደግፈውም የሚቃወመውም እኩል ይስታል። ማመን አለማመን የየራስ ነው፤ ሳይንሱ ያላለውን አለ ማለት ግን ደስ አይልም።

ሳይንሱ የሚለው የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ጭላዳ የአጎት ልጅ እንጂ አያት አይደለም። የእሱና የእኛ መስመር የተለያየው ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ከቺምፓንዚ ጋር የተለያየነው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ለነገሩ ቺምፓንዚ አገራችን ስለማይኖር የሱን ወገን ለይተን የምንጠራበት የራሳችን ቃል የለንም፤ ሁሉንም ዝንጀሮ ብለን እናልፋለን። የግራ መጋባቱ ግማሽ ከዚህ ይመጣል። ከተለያየን በኋላ ያለውን የኛን ወገን በከፊል የምናውቀው ከአፋር ነው። አርዲ የተባለችው ቅሪተ አካል 4.4 ሚሊዮን፣ በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት።

«ታዲያ ጭራችን የታለ?» ይህን የእህቴ ልጅም ጠይቆኛል። አለ። ፅንስ ሳለን ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ይታያል፤ በስምንተኛው ገደማ ይጠፋል። ቅሪቱ ከመቀመጫችን በላይ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ደረጃ ላይ አዳልጦት በቂጡ የወደቀ ሰው በደንብ ያውቃቸዋል።

በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ምክንያቱ ሊሆን የሚችለውን ጠቆመ። ጭራ የሌላቸው የእኛ ወገኖች፣ ቺምፓንዚና ጎሪላን ጨምሮ፣ አንድ ጂናቸው ውስጥ ጭራ ያላቸው ዝንጀሮዎች የሌላቸው ትንሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ተሰክቷል። ተመራማሪዎቹ የዚያን ውጤት የሚመስል ለውጥ አይጦች ላይ ሲያደርጉ አንዳንዶቹ ጭራቸው አጠረ፣ አንዳንዶቹም ያለ ጭራ ተወለዱ። ከአይጦቹ ጥቂቶቹ የነርቭ ቱቧቸው በደንብ ሳይዘጋ ቀረ። በሰው ይሄ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ይጀመር የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጂኑ ብራኪዩሪ ይባላል፤ በግሪክኛ አጭር ጭራ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ጭራቸው አጥሮ ከተወለዱ የላቦራቶሪ አይጦች ነው፤ እነሱም የተገለጹት በ1927 ነው። ዋና ሥራው ግን ሌላ ነው። ፅንስ ውስጥ ኖቶኮርድ እንዲሠራ የሚያደርገው እሱ ነው፤ በእኛም፣ በቆሮሶውም፣ አለት ላይ በሚለጠፈው ከረጢት እጭም።