የወባ ትንኝ ተመራማሪነት በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን አረባብ፣ አመጋገብና ጠባይ የሚያጠና ባለሙያ የሕክምና ኢንቶሞሎጂስት ይባላል። በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ይህ ሙያ ከሁሉ በላይ የሚያተኩረው በወባ ትንኝ ላይ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኑም ከተማዋም ሆነች እንደ ፎገራና ደምቢያ ያሉት ረባዳ ሜዳዎች ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚዘልቀው ሲሆን፣ ጊዜው የአጨዳና የመኸር በመሆኑ ገበሬው ጉልበቱን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ታሞ ይተኛል።

የአካባቢው የወባ ታሪክ ከባድ ነው። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ወረርሽኝ፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ደጋማ ቦታዎች የተዛመተው ወረርሽኝ ደግሞ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ የዲዲቲ ርጭትም ለብዙ ዓመታት ዋናው መሣሪያ ሆኖ ቆየ።

ብዙ ሰው ወባን ከሐይቁ ጋር ያያይዛል፤ ትንኟ ግን ጥልቅና ማዕበል የሚመታውን ውሃ አትመርጥም። ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ባልጠለቀና ብዙ ባልቆየ ውሃ ላይ ነው፦ የከብት ኮቴ ባጎደጎደው ጭቃ፣ አፈር ወይም አሸዋ በወጣበት ጉድጓድ፣ ሐይቁ ሲሸሽ በዳርቻው በሚቀር ኩሬ። ሣርና ደንገል የበዛበትን ረግረግ የምትወደው አኖፊለስ ፋሮኤንሲስ ናት፤ እርሷ በወባ አስተላላፊነት ሁለተኛ ደረጃ ይሰጣታል። ስለዚህ ተመራማሪው ረጅም እጀታ ባለው መጥለቂያ እየቀዳ እጭ የሚቆጥረው ከሰፊው ውሃ ይልቅ ከትንንሾቹ ጉድጓዶች ነው። እርሻም ከዚህ ጉዳይ የራቀ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም በቡሬ አካባቢ የተካሄደ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ ወባ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል፤ ከበቆሎው የሚረግፈው የአበባ ብናኝ በኩሬው ላይ ሲያርፍ እጩን ይመግባል፣ እድገቱንም ያፋጥናል። በመራዊ አቅራቢያ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የታቀደው የቆጋ መስኖም እንዲሁ ከቦዩ የሚያፈስ ውሃ በበጋ ስለሚያቁር የትንኝ ክትትሉን በክረምቱ ማግስት ብቻ መወሰን አይቻልም።

የመስኩ ሥራ በአብዛኛው የሌሊትና የንጋት ነው። አጎበር ውስጥ በተኛ ሰው ግርጌ የብርሃን ወጥመድ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይሰቀላል። በማለዳ ደግሞ ምግብና ዕቃ ከቤቱ ወጥቶ ወለሉ በነጭ አንሶላ ከተሸፈነ በኋላ ፀረ ትንኝ ይረጫል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የወደቁት ትንኞች በወረንጦ ይለቀማሉ። የአገሬው ሰው በንጋት ቤቱን ከፍቶ ይህን መፍቀዱ ለጥናቱ የሚሰጠው ትልቅ አስተዋጽኦ ነውና የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አስቀድማ ካላስረዳች ሥራው አይሳካም።

ከተሰበሰበው መካከል የሚፈለገው በተለይ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ትንኝ ናት። የወባ ተውሳክ ከሰው ደም ከተመጠጠ በኋላ በትንኟ ሰውነት ውስጥ በስሎ ወደ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ እንደ ሙቀቱ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ከዚያ ቀድማ የሞተች ትንኝ ማንንም አታስይዝም። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሥር እንቁልጢዋን ከፍቶ ከዚህ በፊት እንቁላል ጥላ እንደሆነ ያያል፤ ጥላ ከሆነ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ናት ማለት ነው። የጠጣችው ደም የሰው ይሁን የከብት በላቦራቶሪ ይለያል፤ አራቢየንሲስ ሁለቱንም ስለምትነክስ፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ይህ ጥያቄ ትልቅ ትርጉም አለው። ከእኅት ዝርያዎቿ በዓይን ስለማትለይም ዝርያዋ የሚረጋገጠው በዘረመል ምርመራ ነው።

የዚህ ሙያ ጥቅም በግልጽ የሚታየው በፀረ ተባይ ምርጫ ላይ ይመስለኛል። ትንኞች ኬሚካል ከተነከረ ወረቀት ጋር ለአንድ ሰዓት ቆይተው በ24 ሰዓት ውስጥ 98 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሞቱ ኬሚካሉ ይሠራል ይባላል፤ የሞቱት ከ90 ከመቶ ካነሱ ግን ትንኟ ተላምዳዋለች። በኢትዮጵያ ዲዲቲ ከቤት ርጭት የወጣው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው፤ አጎበር የሚነከርባቸውን የፓይሬትሮይድ ኬሚካሎች መቋቋምም በብዙ ቦታ ታይቷል። ምርመራው ሳይደረግ የሚረጭ ኬሚካል የሕዝብ ገንዘብና የቤተሰብ ተስፋ ያባክናል።

ወደ ሙያው የሚገቡት በብዛት ባዮሎጂ ወይም ጤና ተምረው በሁለተኛ ዲግሪ በነፍሳት ጥናት የሚሠለጥኑ ናቸው። በከተማዋ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። ከባለሙያዎቹ ፊት ያለው አዲስ ሥጋት እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ናት። ይህች ትንኝ በከተማ፣ በበርሜል፣ በታንከርና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ እየሰፋች በሄደችው ባሕር ዳርም ክትትሉ የግንባታ ቦታዎችንና የግቢ ውሃ ማጠራቀሚያዎችን መጨመር ይኖርበታል።