ካንሰርን በደም ምርመራ ቀድሞ ማወቅ፦ የሚባለውና እውነታው

«ካንሰር የጂን መበላሸት ነው፤ ምርመራውም የሚፈልገው የተበላሸውን ጂን ነው።»

ግማሹ ልክ ነው። ጂን ግን ሳይበላሽም ዝም ሊል ይችላል። ሜቲል የምትባል ትንሽ ኬሚካል ዲኤንኤ ላይ ትለጠፋለች፤ በጂኑ መነሻ ላይ ስትበዛ ጂኑ ይዘጋል። በካንሰር ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት የሴልን እድገት የሚገቱት ጂኖች ናቸው። ይሄ ለመርማሪ ከሚውቴሽን (ከጂኑ መበላሸት) ይልቅ ይመቻል። ሚውቴሽን ከታማሚ ታማሚ ቦታው ይለያያል፤ ሜቲል ግን በብዙዎቹ ላይ እዚያው ቦታ ትገኛለች። በዚያ ላይ የጉበትና የሳንባ አለጣጠፍ አንድ ስላልሆነ ካንሰሩ ከየት እንደተነሳ ይጠቁማል።

«ደም ውስጥ የሚታደነው የካንሰር ሴል ነው።»

አይደለም፤ የዲኤንኤ ፍርፋሪ ነው። ሴል ሲሞት ዲኤንኤው ተቆራርጦ ደም ውስጥ ይገባል፣ የጤነኛውም ጭምር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የጀማሪ እጢ ድርሻ ከሺህ አንድ ላይሞላ ይችላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

«ውጤቱ ነፃ ካለኝ ነፃ ነኝ።»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ከ50 በላይ የካንሰር ዓይነቶችን በሜቲል ምልክት የሚፈልግ አንድ የደም ምርመራ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ደረጃ 4 ላይ ከደረሱት 90 በመቶ ያህሉን ለይቷል። ደረጃ 1 ላይ ካሉትስ? 17 በመቶ ገደማ። ቀድሞ ያውቃል የተባለው ምርመራ አጥርቶ የሚያየው የዘገየውን ነው። ነገሩ ያቺው ፍርፋሪ ናት፤ ትንሽ እጢ የሚጥለውም ትንሽ ነው። ስለዚህ የማሞግራም (የጡት ራጅ) ወይም የማህፀን በር ምርመራ ቀጠሮ አይሰረዝም።

«ፖዘቲቭ ከሆነማ አለቀ፣ ካንሰር ነው።»

ይኸው ምርመራ በስህተት ፖዘቲቭ የሚለው ከ200 ጤነኞች አንዱን ነው። ኢምንት ይመስላል። እስቲ 1000 ሰው ይመርመር፤ 10ሩ ካንሰር አለባቸው እንበል። ደረጃው ሁሉ ሲደመር ግማሹን ስለሚያገኝ 5 ሰው ይይዛል። ከ990ዎቹ ጤነኞች ደግሞ ሌላ 5 ሰው ያስደነግጣል። ማን የትኛው እንደሆነ የሚለየው ስካንና ባዮፕሲ (ከሰውነት ናሙና ቆርጦ መመርመር) ነው።

«ገና ቤተ ሙከራ ያለ ነገር ነው።»

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሜቲልን ከሌሎች ምልክቶች ጋር የሚያይ የአንጀት ካንሰር የሰገራ ምርመራ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ የደሙን ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል።

«ሜቲል አንዴ ከተለጠፈች አትነሳም።»

ትነሳለች። ሲጋራ በዲኤንኤ ላይ የሚያመጣው የሜቲል ለውጥ ማጨስ ካቆሙ በኋላ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ከ30 ዓመት በኋላም ይታያል።