ስድስት ኪሎ፦ ቤተ መንግሥቱ ተማሪ ቤት የሆነበት ሰፈር

ከአራት ኪሎ ተነስቶ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ስድስት ኪሎ ይደርሳል። ስሙና ርቀቱ አይገጥሙም፤ ነዋሪው ግን ለክቶ አያውቅም፣ አምስት ኪሎንም መሐላቸው አስገብቶ በሰላም ይኖራል። ጎዳናው በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ 6ኛ ስም ተሰይሟል። በዚህ ስም ጠርቶ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ካለ ግን እኔ አልገጠመኝም።

ስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ መውጣት ከሚጀምርበት ላይ ያለ ሰፈር ነው። መሐሉ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የቆመበት አደባባይ፣ ዋናው ባለቤቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። በስተላይ ሽሮ ሜዳ፣ ቁልቁል አፍንጮ በር ይጎራበቱታል። በዚህ ሰፈር ሥራውን ወይም ስሙን ያልቀየረ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን የካቲት 12 ተባለ፤ የቤተ ሳይዳ ሆስፒታልም እንዲሁ የካቲት 12 ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተቀመጠው በሰው ቤት፣ ያውም በንጉሥ ቤት ነው።

ቤቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በ1920ዎቹ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ የተሠራ ሲሆን፣ ባለቤቱ ብዙም ሳይኖሩበት የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የፋሺስቱ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ መቀመጫውን እዚያው አደረገ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለድን ምክንያት አድርጎ በግቢው ለድሆች ምጽዋት ሲያድል፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ስምዖን አደፍርስ የተባለ ወዳጃቸው በመኪናው አሸሻቸው። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ። የከተማው ሕዝብ ግን ለሦስት ቀናት ተጨፈጨፈ፤ ቤት ከነሰው ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ አድርሶታል። በአደባባዩ ላይ ያለው ረጅም ሐውልት የሚዘክረው እነዚህን ነው። በነሐስ የተቀረጹት ምስሎች የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ሥራ ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ላያቸው የግድያውን፣ የለቅሶውንና የሬሳ ማንሳቱን ነገር ሳይሸፋፍኑ ያሳያሉ። በሚኒባስ ዞሮት የሚያልፈው ሰው ይህን አያይም። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን አርበኞች ሜዳያቸውን ደርድረው፣ ጎፈራቸውን ደፍተው ጉንጉን አበባ ያኖራሉ፤ ተማሪውም ደብተሩን እንደያዘ በአጠገባቸው ወደ ክፍሉ ያልፋል።

ጣሊያኖቹ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት አንድ እንግዳ ነገር ትተው ሄደዋል፤ ወደየትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች በሮም ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ያለፈ አንድ ዓመት ማለት ነበር። ከድል በኋላ ደረጃውን ያፈረሰው የለም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ አለቀ። እንደ እኔ ከሆነ በከተማዋ ካሉ ሐውልቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ቅኔ ያለው የለም፤ ሰሙ ደረጃው፣ ወርቁ አንበሳው ነው።

ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ያበቃው ደግሞ ሌላ ደም ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈና የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ በጥይት ተደበደቡ፤ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና መኮንን ሀብተ ወልድ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለትምህርት ሰጡ። በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ በ33 ተማሪዎች የተጀመረው፣ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን በሉሲየን ማት ይመራ የነበረው ኮሌጅም ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋህዶ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ነበሩ። ሳይንሱ አራት ኪሎ ቀረ፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ ተቀመጠ። ሕጉ፣ ታሪኩ፣ ቋንቋውና ፖለቲካው፣ ማለትም አፍ የሚያስከፍተው ትምህርት በሙሉ፣ ስድስት ኪሎ ገባ።

አፍም ተከፈተ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በግቢው የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት ረብሻ አስነሳ፤ አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ወረራ ነው የሚለው ወገን ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ አላረፈም። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ የሚያስቅ ይመስላል፤ ያኔ ግን ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶበታል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በአፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው ግቢው ውስጥ ሲያለቅሱ ወታደር ገባባቸው፤ እዚያውም ሌሎች ሞቱ። ከአራት ዓመት በኋላ የፈነዳውን አብዮት የሚተርክ ሰው ይህን ቀን ሳይጠቅስ አያልፍም።

አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ተማሪውን ከሰፈሩ ነቅሎ ወሰደው። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። የተቋሙ ስምም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር ከዚያው ትውልድ ብዙውን በላ። መንግሥት ሲለወጥም ግቢው አልሰከነም። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ተቃውመው የወጡ ተማሪዎች ተኩስ ተከፈተባቸው፤ በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣልን ብሎ የተነሳው ጥያቄ ወደ ከተማው ተዛምቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋበት።

ግቢው ውስጥ ጸጥ ያለውን ሕይወት ማየት የሚፈልግ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይግባ። ተቋሙ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ሙዚየሙ በቤተ መንግሥቱ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጋብቻ፣ ሞት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ክርስትናና ግርዛት፣ ሠርግና ተዝካር ወጥቶ ኮሪደሩን ሲሻገሩ የንጉሡ መኝታ ቤት ይገኛል። አልጋው ለንጉሠ ነገሥት የተሠራ አይመስልም። መስተዋቱ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ አስጎብኚዎች በ1953ቱ ግርግር የተበሳ ነው እያሉ ያሳያሉ። በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ተመራማሪው አንገቱን ደፍቶ ያነባል። ለተራው ተማሪ ደግሞ በኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት አለለት፤ በፈተና ሰሞን ወንበር የሚገኘው በማለዳ ለተነሳ ብቻ ነው።

ከግቢው በር ማዶ የአንበሳ ግቢ ነበር፤ በ1940ዎቹ የተከፈተ፣ የንጉሡ አንበሶች ዘር የሚኖርበት። ጥቁር ጋማ ያላቸው እነዚህ አንበሶች በዘረ መል ከሌሎች የተለዩ መሆናቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስድስት ኪሎ ዶርም ያደረ ሰው ሌሊት ግሣታቸውን ሰምቶ የነቃበትን ቀን ሳያወራ አይቀርም፤ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ ከገጠር ለመጣ ደግሞ የከተማ የመጀመሪያው ሌሊት በአንበሳ ድምፅ መሆኑ ትንሽ ግራ ያጋባል።

ሰፈሩ ሲመሽ ይበርዳል፤ ነፋሱ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ይዞ ይወርዳል። ከነፋሱ ቀደም ብለው ከዚያው ተራራ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ከሽሮ ሜዳ በኩል የጋሞ ሸማኔዎች የሠሩትን ቀሚስና ጋቢ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ በምረቃ ሰሞን ከክፍለ ሀገር የመጡ ወላጆች ለሐበሻ ልብስ ወደዚያው ይወጣሉ፣ ከዚያም ጥቁር ካባ ከለበሰ ልጃቸው ጋር ሐውልቱ ሥር ቆመው ፎቶግራፍ ይነሳሉ። ሌላው ቀን የፎቶ ኮፒ ቤቶች ነው። እያንዳንዱ ቤት በር ላይ የኮርስ ስም በእጅ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ ተባዝቶ ፊደሉ የደበዘዘ ማስታወሻ፣ ከእሱ ሥር ደግሞ ያለፈው ዓመት የፈተና ጥያቄ ይሸጣል። ባለቤቱ የመምህራኑን ስም ከነጠባያቸው ያውቃል፤ ጥያቄ የሚደግመውን ከማይደግመው ለይቶ፣ ገንዘቡን እየቆጠረ ለተማሪው ይመክራል።